ስለ እምቢልታና ስለ ዋሽንት
በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ቀን በወገዳ ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል



የበዓሉ አዘጋጆች «ስለ ደብሩ ታሪክ የሚናገሩ ሌሎች አሉና አንተ በምታውቀው ነገር ጥቂት ቃል አሰማን» ቢሉኝ፣ ስለ እምቢልታና ስለ ዋሽንት ልናገር መረጥሁ። ይህን ስል ከወዲያ በኩል ፈገግ ያሉ አባቶችን አያለሁ። በቤተ ክርስቲያን በዓል የእረኛ ጨዋታ ምን ቦታ አለው ማለታችሁ ይሆናል። ነገር ግን ይህን በዓል የምንጠራበት ስም ራሱ ከሚነፋ ነገር የወጣ ነው። በዕብራይስጥ ዮቤል ማለት አውራ በግ፣ ደግሞም የአውራ በግ ቀንድ ማለት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 49 ሲሞላ፣ በሰባተኛው ወር በዐሥረኛው ቀን ቀንደ መለከት በምድሩ ሁሉ ይነፋ ነበር። በዚያም ድምፅ ባሪያው ነፃ ይወጣል፣ የተሸጠው ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። እንግዲህ የዛሬውን በዓል በስሙ ያስጠራው ቀንድ ነው። እኛ ግን ዛሬ ጧት በዓሉን ያበሠርነው በድምፅ ማጉሊያ ነው፤ እርሱም በመካከሉ ሁለት ጊዜ ጠፋብን።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። የምጠራውን ዓመት ሁሉ የምቈጥረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ በመጻሕፍት ያገኘሁት በዚያ ቍጥር ስለ ሆነ ነው።

በቀድሞ ዘመን በበጌምድርም ሆነ በሌላው አገር አንድ መኰንን በተሾመ ጊዜ ነጋሪት ይመታለት፣ መለከትና እምቢልታም ይነፋለት ነበር። እነዚህ መሣሪያዎች የሹመት ምልክት ነበሩ እንጂ፣ እንደ ክራር ማንም በቤቱ ተቀምጦ የሚጫወታቸው አልነበሩም። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1769 ምጽዋ ገብቶ እስከ 1771 በአገራችን ሲቀመጥ፣ በጎንደርና በበጌምድር ያየውን የዜማ መሣሪያ አንድ በአንድ መርምሮ ነበር። ያየውንም በደብዳቤ ጽፎ ቻርልስ በርኒ ለተባለው የዜማ ታሪክ ጸሓፊ ሰጠው፤ በርኒም በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ አገባው። ብሩስ እንደሚለው መለከት ከሸምበቆ የተሠራ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከ60 ሳንቲም ያህል የሆነ፣ በጫፉ የቅል አንገት የተገጠመበት፣ በብራናም የተለበጠ መሣሪያ ነው። የሚሰጠው ድምፅ አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም ሻካራና የሚያስፈራ ነው። ሠራዊቱ በሰላም ሲጓዝ ቀስ ብሎ ይነፋል፤ ጠላት በቀረበ ጊዜ ግን ያው አንዱ ድምፅ እየተደጋገመ በፍጥነት ይነፋል። ስለ ዋሽንታችንም ሲናገር ድምፁ ነዘር ነዘር የሚል መሆኑን ካስታወቀ በኋላ፣ ይህ የመሣሪያው ጕድለት እንዳልሆነ፣ ሆን ተብሎ እንዲህ እንደ ተሠራና ያለዚያ ሰዎቹ እንደማይወዱት መስክሯል። አንድ የውጭ አገር ሰው «ይህ ለጆሮዬ አልጣመኝም፤ ለእነርሱ ግን ይጥማቸዋል» ብሎ ለይቶ መጻፉን እኔ እንደ ትልቅ ቅንነት እቈጥረዋለሁ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች ይህን ያህል አልታገሡም።

ይህ ሁሉ ክብር የጠፋው ቀስ በቀስ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት የናስ መለከቶችንና አስተማሪ ለዐፄ ምኒልክ ላኩ። በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አምጥተው፣ ኬቮርክ ናልባንዲያን በተባለው መምህር እጅ የቤተ መንግሥት ሙዚቀኞች አደረጓቸው፤ «አርባ ልጆች» ተብለው የሚታወቁት እነርሱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በትልቁ ሰልፍ ፊት የሚሄደው ናስ ሆነ፤ ሸምበቆውም ወደ ክፍለ አገሩ መኳንንት ደጅ ወረደ። በ1974 አብዮቱ በመጣ ጊዜ የመኳንንቱም ደጅ ተዘጋ። እምቢልተኛ ደመወዙን ወይም መሬቱን የሚሰጠው ጌታ ከሌለው፣ እምቢልታውን ከጣራው ሥር ሰክቶ ወደ እርሻው ይሄዳል። ማንም አልከለከለውም፤ የሚጠራው ስላጣ ነው የተወው።

አሁን ስለ እምቢልታ ጠባይ ትንሽ ልናገር፤ ይህን ያላወቀ የቀረውን ነገሬን አይረዳውምና። ዋሽንት አራት የጣት ቀዳዳ አለው። እረኛው ብቻውን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትዝታውን፣ ባቲውን፣ አምባሰሉን፣ አንቺ ሆዬውን ያወጣበታል። እምቢልታ ግን የጣት ቀዳዳ ከቶ የለውም። ርዝመቱ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ፣ ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ፣ ዛሬ ዛሬም ከብረት ቧንቧ የሚሠራ፣ አፉ ላይ የተነደለ ባዶ ቱቦ ነው። አንዱ እምቢልታ የሚሰጠው ድምፅ አንድ ወይም ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ነው። ነፊው ትንፋሹን ቢያበረታ ድምፁ ወደ ላይ ይዘላል እንጂ፣ በመካከሉ ያለውን ደረጃ አያገኝም። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን በእምቢልታ ዜማ ሊያወጣ አይችልም። ሦስት ሰዎች ሦስት ልዩ ልዩ ቁመት ያላቸው እምቢልታዎች ይዘው ይቆማሉ። አንዱ ሲያሰማ ሁለተኛው ዝም ይላል፣ ሁለተኛው ሲቀበል ሦስተኛው ይጠብቃል፤ በዚህም ዓይነት የሦስቱ ትንፋሽ እየተቀባበለ አንድ ዜማ ይሆናል። ይህ ለእናንተ እንግዳ ነገር አይደለም። ቀኝ ጌታው ሲያነሣ ግራ ጌታው ይጠብቃል፣ ግራው ሲቀበል ቀኙ ያርፋል፤ በአንድ በኩል ብቻ የቆመ ማኅሌት እንደ ሌለ ሁሉ፣ የአንድ ሰው እምቢልታም የለም። በደቡብ ኢትዮጵያም በደራሼ ፊላ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ብዙ ወንዶች ተሰብስበው እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በተራው እየነፋ እየዞሩ ይጫወቱበታል። ስለዚህ ይህ ጥበብ የአንድ ክፍል ሀብት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

በልጅነቴ በጥምቀት ቀን ታቦቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርድ ከሕዝቡ ፊት ሦስት ሽማግሌዎች እምቢልታ እየነፉ ይሄዱ ነበር። ቀድሞ በአንድ መኰንን ደጅ ያገለገሉ ሰዎች ናቸው። በአንደኛው ዓመት ከሦስቱ አንዱ ዐረፈ። በሚቀጥለው ጥምቀት ሁለቱ ብቻቸውን ወጡ። የሞተው ሰው ድምፅ ይገባበት በነበረው ቦታ ላይ ዝም ይሉና ከዚያ በኋላ ይቀጥላሉ። ሕፃን ስለ ነበርሁ በዚያ ዝምታ ሳቅሁ፤ እናቴ ግን በነጠላዋ ጫፍ አፌን ያዘችኝ። በሦስተኛው ዓመት አልወጡም። ያንን ክፍት ቦታ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ይህን ነገር እንድመረምር ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

በመረመርሁም ጊዜ በሩቅ አገር ይህን የመሰለ ችግር እንደ ገጠማቸው አገኘሁ። በእንግሊዝ አገር በ1858 የተወለደ ፍራንሲስ ጋልፒን የሚባል ሰው ነበር፤ ሥራውም እንደ እናንተ የአጥቢያ ካህን ነው። ከ1891 እስከ 1915 ሃትፊልድ ብሮድ ኦክ በተባለ የገጠር ደብር ሲያገለግል፣ ሰው የተዋቸውንና በየጣራው ሥር የተጣሉትን የጥንት መሣሪያዎች እየፈለገ ይሰበስብ ነበር። ሰብስቦም አልተዋቸውም፤ ከቤተ ሰቡ ጋራ ይጫወትባቸው ነበር። በ1910ም ስለ እንግሊዝ የጥንት የዜማ መሣሪያዎች መጽሐፍ አሳተመ። በኋላ ግን በ1916 ከ500 የሚበልጠው ስብስቡ ለአንድ አሜሪካዊ ባለጠጋ ተሸጠ። ያ ባለጠጋ ልጁ በ1915 ሉሲታኒያ በተባለው መርከብ ላይ ሞታበት ነበርና፣ ለመታሰቢያዋ ብሎ በ1917 ሁሉንም በቦስተን ከተማ ላለው ሙዚየም ሰጠው። ዛሬም በዚያ ይገኛል። ካህኑ ያደረገውን ማድነቄ አይቀርም፤ ነገር ግን በመስተዋት ውስጥ ያለ ዋሽንት ተጠብቋል ይባላል እንጂ ድኗል አይባልም።

በዚያው በ1858 የተወለደ አርኖልድ ዶልሜች የሚባል ሌላ ሰው ነበር። ትውልዱ ፈረንሳይ አገር፣ ኑሮው ግን እንግሊዝ አገር ነው። እርሱ የያዘው ሪኮርደር የሚባለውን መሣሪያ ነበር። ይህም ከዕንጨት የተሠራ ዋሽንት ሲሆን፣ አፉ እንደ ፉጨት የተቀደደ፣ በፊቱ ሰባት በጀርባው አንድ ቀዳዳ ያለው ነው። ቀድሞ በነገሥታቱ ቤት ሁሉ ይነፋ ነበር፤ ድምፃቸው የጐላ አዳዲስ መሣሪያዎች ሲመጡ ግን ከ100 ዓመት በላይ ተረስቶ ኖረ። ዶልሜች አንድ አሮጌ ሪኮርደር አግኝቶ ልኩን ወሰደ፣ አነፋፉንም ከጥንት መጻሕፍት ተማረ። በ1919 አንድ ቀን ከልጆቹ ጋራ ተጫውቶ ሲመለስ፣ ዋተርሉ በተባለው የለንደን ባቡር ጣቢያ መሣሪያው ያለበት ከረጢት ተረስቶ ቀረ። ከረጢቱን የረሳው ገና ትንሽ የነበረው ልጁ ካርል ነው። ዶልሜች ብዙ ካዘነ በኋላ አስቀድሞ በወሰደው ልክ አዲስ ሠራ። አንዱን ከሠራ በኋላም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን፣ ትልቁንና ትንሹን መሥራት አላቃተውም። በ1925 ሃዝልሚር በምትባለው መኖሪያው የጥንት ዜማ በዓል አቋቁሞ ለሕዝብ አሰማ። የጠፋውም አሮጌ መሣሪያ በኋላ በአንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ተገኝቶ ተመለሰለት። ባይጠፋ ኖሮ ግን አዲሱ ይሠራ ነበር ወይ? እኔ እጠራጠራለሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከአዋቂዎች እጅ ወጣ። በ1937 የሪኮርደር ነፊዎች ማኅበር ተመሠረተ። አባሎቹም መምህራን፣ ጸሓፊዎች፣ ነጋዴዎች፣ ማለት ለደመወዝ ሳይሆን ስለ ፍቅር ብቻ ማታ ማታ እየተሰበሰቡ የሚነፉ ሰዎች ነበሩ። በትምህርት ቤትም ለልጆች ይሰጥ ጀመር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለዚህ ጉባኤ ይበልጥ ይቀርባልና። በእንግሊዝ አገር የገጠር ደብሮች በ18ኛው ምዕት ዓመትና በ19ኛው መጀመሪያ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምዕራብ በኩል ካለው ሰገነት ላይ ሆነው መዝሙሩን በክላሪኔትና ባሱን በሚባለው ወፍራም የዕንጨት መሣሪያ የሚያጅቡት የመንደሩ ገበሬዎችና ጫማ ሰፊዎች ነበሩ። በኋላ ካህናቱ ኦርጋን እያስገቡ አሰናበቷቸው። ቶማስ ሃርዲ የተባለው ደራሲ በ1872 ባሳተመው ልብ ወለድ የጻፈው ስለ እንደዚህ ያሉ ሰዎች መሰናበት ነው። የተባረሩት ሞተው ካለቁ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1990 ያንን የሰገነት ዜማ የሚወዱ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው አሮጌ ደብተሮችን ፈልገው እንደገና መንፋት ጀመሩ። እነዚያ ደብተሮች ባይኖሩ ኖሮ የሚነፉት ነገር ባልኖራቸው ነበር።

እኛስ ምን ደብተር አለን? ስለ ዜማ ከሆነ የእኛ አገር አያፍርም። ድጓን ለማስመስከር ተማሪው ከኢትዮጵያ አራቱ ማዕዘን ወደ ጋይንት ወደ ቤተልሔም ይመጣል፤ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባ ይወጣል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማው ምልክት እንደ ሠሩለት አባቶቻችን አስተምረውናል። እምቢልታ ግን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የለውም። ደብተሩ የሰው ጆሮ ብቻ ነው፤ እርሱም ከሰውዬው ጋራ ይቀበራል።

በአገራችን የሚነፉትን መሣሪያዎች ወደ አደባባይ ለመመለስ የተደከመው ድካም ቀላል አይደለም። በ1963 ሐሊም ኤል ደብ የተባለው ግብፃዊ የዜማ ሊቅ በአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቁሞ፣ ከየአገሩ የመጡ ብቻቸውን የለመዱ ባለመሰንቆዎችን፣ ባለክራሮችንና ባለዋሽንቶችን በአንድነት አጫወታቸው። በኋላም ተስፋዬ ለማ መራው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ኃላፊ የነበሩት አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለ ድርሰት ለኦርኬስትራ ጽፈዋል። በደርግ ዘመንም በየቀበሌው ኪነት ተቋቁሞ ብዙ ወጣት ዋሽንት ነፋ። እንግዲህ ጥረት አልጠፋም። ነገር ግን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በ1975 ተበተነ፤ የቀበሌው ኪነትም ከቀበሌው ሹም ጋራ ሄደ። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም እንደ ድሮው እምቢልተኛ የሚያቆማቸው ጌታ ነበራቸው፤ ጌታው ሲሄድ ሄዱ።

የበገናን ነገር ግን ተመልከቱ። በገና የሚነፋ ባይሆንም ምሳሌነቱ ለእኛ ይጠቅማል። ቀድሞ በዐቢይ ጾም በራዲዮ ይሰማ የነበረው ድምፁ በደርግ ዘመን ጠፋ። በያሬድ ትምህርት ቤት ያስተምሩት የነበሩት መምህር ዓለሙ አጋም በ1980 ትምህርት ቤቱን ለቀቁ። ይሁን እንጂ ያን መሣሪያ የሚወዱ ጥቂት ሰዎች በየቤታቸው መደርደሩን አልተዉም። ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ብዙ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ተማሪውም ሐኪሙም ነጋዴውም፣ ከሥራ በኋላ በገና ይማራሉ። ይህን ያደረገው ሹም አይደለም። ታዲያ በገና ይህን ዕድል ያገኘው አንድ ሰው ብቻውን በቤቱ ሊደረድረው ስለሚችል ጭምር መሆኑን አትርሱ። እምቢልታ ይህ ዕድል የለውም፤ ሦስት ወዳጆች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ካልተገናኙ አይነፋም።

አሁን ወደ ራሳችን ደብር ልምጣ። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች በመጀመሪያ የጀመሩት በዋሽንት ነው። ስድስት ልጆች ስድስት ዋሽንት ይዘው መጡ። እያንዳንዱ ብቻውን ሲነፋ ደስ ያሰኛል፤ ስድስቱ ባንድነት ሲነፉ ግን ውሾቹ ከግቢው ወጡ። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጀብን። ዋሽንት ሠሪው የቀዳዳውን ርቀት የሚለካው በገዛ ጣቱ ነው። የአንዱ ጣት ወፍራም፣ የሌላው ቀጭን ነው፤ የሸምበቆውም ውስጥ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ ነው። እረኛ ለብቻው ስለሚነፋ ይህ አያውከውም። የተማረ ባለዋሽንትም ዘፋኙን የሚከተለው ብዙ ዋሽንት በከረጢት ይዞ፣ ለድምፁ የሚስማማውን እየመረጠ ነው። ስለዚህ ለስድስቱ ልጆች አንድ ሠሪ፣ አንድ መለኪያ፣ ከአንድ ቦታ የተቈረጠ ሸምበቆ አስፈለገ። ሸምበቆው በእርጥቡ ሲበሳ በኋላ እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ ይህንንም የተማርነው አራት ካበላሸን በኋላ ነው። መነሻውን ድምፅ ከምን እንውሰድ ስንባባል፣ አንደኛው ልጅ ከመሪጌታችን ድምፅ እንውሰድ አለ። እርሳቸውም እየሳቁ በአራራይ አንድ ቃል አነሡልን፤ በዚያ ልክ ተበሳ። ዛሬ ስድስቱ ይስማማሉ፤ ሁልጊዜ ባይሆንም።

የእምቢልታው ነገር ከዚህ የከበደ ነው። በልጅነቴ ካየኋቸው ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ እስከ አሁን በሕይወት አሉ። ዕድሜያቸው ከ90 አልፏል፤ ዐይናቸው ደክሟል። እምቢልታቸው ግን ከጣራው ሥር ጢስ ጠጥቶ እንደ ብረት ጠንክሮ ተገኘ። የዶልሜች ከረጢት ነገር ትዝ ስላለኝ ከሁሉ አስቀድሜ ርዝመቱን፣ ውፍረቱንና የአፉን ንድል ለክቼ በሦስት ደብተር ጻፍሁ፤ ደብተሮቹም በሦስት ቤት ተቀምጠዋል። ከዚያ ልጆቹ «አባባ፣ ዜማውን ያስተምሩን» አሏቸው። እርሳቸውም ነፉ። የነፉት ግን የራሳቸውን ድርሻ ብቻ ነው፤ አንድ ድምፅ፣ ቀጥሎ ዝምታ፣ ሁለት ድምፅ፣ ረዥም ዝምታ። ልጆቹ ግራ ተጋቡ። «የጓደኞችዎንስ ድርሻ ያውቁታል?» ብንላቸው «እኔ የራሴን ነው የማውቀው፤ የእነርሱን እነርሱ ያውቁታል» አሉ። በዚያን ቀን ተስፋ ቈርጠን ተለያየን።

በሁለተኛው ሳምንት ግን አንዲት ልጅ አንድ ብልሃት አገኘች። «አባባ፣ እርስዎ ዝም በሚሉበት ጊዜ ምን ይሰሙ ነበር?» አለቻቸው። ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥሎም እምቢልታውን ነፍተው፣ ዝም በሚሉበት ቦታ ላይ ከአፋቸው አንሥተው በጕሮሮአቸው የሁለቱን ሟቾች ድምፅ እያፈራረቁ አሰሙ። አንዱን በስሙ ጠርተው «እርሱ እዚህ ላይ ይቸኩል ነበር፤ ሁልጊዜ ይቸኩል ነበር» አሉ። እንዲህ እየሆነ የአንድ ዜማ ሦስት ድርሻ ተገኘ። ሁለተኛውም ዜማ ከግማሽ በላይ ደርሷል። የሚያውቁት ግን ሁለት ብቻ እንዳልሆነ ራሳቸው ይናገራሉ። ደግሞም የሚታወሳቸው ጧት ብቻ ነው፤ ከቀትር በኋላ ይደክማቸዋል። ቤታቸውም ከዚህ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ቍልቍለት ላይ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ጧት ትምህርት አላቸው። ስለዚህ ያለን ቀን ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ከቅዳሜውም ገበያው ይወስድብናል። ወላጆች ሆይ፤ ሦስት ልጆችን በቅዳሜ ጧት ከገበያ ሥራ ነፃ እንድታወጡልን እለምናችኋለሁ።

ከአባቶቻችን አንዳንዶቹ «ነገ ይህን ወደ ማኅሌት ታስገቡታላችሁ» ብለው እንደሚሠጉ ሰምቻለሁ። እኔ የማኅሌትን ሥርዓት ልለውጥ አልመጣሁም። ማኅሌት ከበሮውን፣ ጸናጽሉንና መቋሚያውን ይዞ ያለ ምንም ጕድለት ኖሯል፤ ይኖራልም። እንዲያውም ሽማግሌው ራሳቸው እምቢልታቸውን ይዘው ከቅጽሩ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ነፍተው እንደማያውቁ፣ ቦታቸው ታቦቱ ከደጅ ከወጣ በኋላ በመንገድ ላይ እንደ ነበረ ነግረውናል። እኛም የምንለምነው ያንኑ መንገድ ነው። ሌላ ደግሞ እምቢልታና ዋሽንት በትንቢተ ዳንኤል በ3ኛው ምዕራፍ ናቡከደነፆር ላቆመው ምስል መስገጃ እንደ ተነፉ የሚጠቅስ አለ። እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ በገናም አብሮ ተቈጥሯል፤ በገናን ስለዚህ የጣለ ሰው የለም። መዝሙረ ዳዊትም በ150ኛው መዝሙር መሣሪያዎቹን ሁሉ ለምስጋና ይጠራል፤ እምቢልታም ከእነርሱ ጋራ ተጠርቷል። ሸምበቆው ባዶ ነው፤ የሚገባበት ትንፋሽ የነፊው ነው።

ንግግሬን ካስረዘምሁ ይቅር በሉኝ። አሁን ከዚህ ስንወጣ ሦስቱ ልጆች በደጀ ሰላሙ ፊት ለፊት ቆመው ይጠብቋችኋል። የሚነፉት ያንኑ አንዱን ዜማ ነው። ትልቁ እምቢልታ የሽማግሌው ነው፤ ሁለቱ በልኩ እየተገመተ አዲስ የተሠሩ ናቸው። ሦስተኛው ትንሹ እምቢልታ ቁመቱ ገና አልተስተካከለም፤ አንድ ጣት ያህል ይረዝማል፣ ድምፁም ስለዚህ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል። ባለፈው ቅዳሜ እንቍረጠው ስንል ሽማግሌው «እስቲ ሕዝቡ ይስማውና ከዚያ በኋላ እንቍረጠው፤ የተቈረጠ አይቀጠልም» አሉን። እርሳቸውም በበቅሎ መጥተው ከበሩ በስተቀኝ ባለው ወይራ ሥር ተቀምጠዋል። ሰላምታ ስትሰጧቸው ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፤ ጆሯቸው የሚሰማው እምቢልታውን ብቻ ነው።